ምዕራፍ ሰባት፦ እፍኝ ውኃ ስንት ይመዝናል?

በምዕራብ ጎጃም ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ በየጉብታው ላይ በጥድና በወይራ ተከብበው የቆሙትን አብያተ ክርስቲያናት ሲያይ ሳይሳለም አያልፍም፤ ከእነዚህ ወደ አንዱ ገብቶ ቅኔ ማሕሌቱን ተሻግሮ እስከ ቅድስቱ ቢደርስና ዓይኑን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ቢያሳርፍ ደግሞ፣ የጎጃምና የጣና ዙሪያ ሠዓልያን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ሲሥሉት የኖሩትን የአንድ ኃጥእ ሰው ታሪክ እዚያ ሊያገኘው ይችላል። ሰውዬው በላኤ ሰብእ ይባላል። ዘመድ ባዕድ ሳይለይ የ78 ሰዎችን ሥጋ በልቷል። በአንጻሩ በዕድሜው ሠራው ተብሎ የሚቆጠርለት በጎ ሥራ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በእመቤታችን ስም ለለመነው ለአንድ ሕመምተኛ ጉሮሮውን የሚያረጥብ እፍኝ ውኃ መስጠቱ ነው።

ባለፉት ምዕራፎች ፊልም ከምን ከምን እንደሚሠራ ስንመለከት ቆይተናል። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በሰከንድ 24 እየሆኑ የሚያልፉት የቆሙ ምስሎች በዓይናችን ፊት ሕያው እንቅስቃሴ የሚሆኑበትን ምክንያት አየን፤ በአምስተኛው ደግሞ ሁለት ምስሎች ተከታትለው ሲመጡ ለብቻቸው ያልነበራቸውን ሦስተኛ ሐሳብ እንዴት እንደሚወልዱ ተረዳን። በዚህ ምዕራፍ ግን ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ እናነሣለን፤ ዓይን ያላየውን፣ ጆሮም ያልሰማውን፣ ከሞት በኋላ ያለውን ፍርድ፣ ብርሃንን ከመቅዳት በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ካሜራ እንዴት አድርጎ ሊያሳየን ቻለ?

ሊቁ በቃል፣ ሠዓሊው በመልክ

የበላኤ ሰብእ ታሪክ የሚገኘው በተአምረ ማርያም ውስጥ ነው። ይህ መጽሐፍ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ ይነገርለታል፤ በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መንግሥት (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ደግሞ በበዓላት ቀን በጉባኤ እንዲነበብ ሥርዓት ተሠርቶለታል። ካህኑ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ታሪኩን ሲያነብብ፣ ሕዝቡ ቆሞ የሚሰማው ሁሉ ፍጻሜውን አስቀድሞ የሚያውቀው ነው፤ ነገር ግን የበላኤ ሰብእ ነፍስ ወደ ሚዛን በቀረበች ጊዜ፣ በአንዱ ወገን የተበሉት ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያች እፍኝ ውኃ በተቀመጡ ጊዜ፣ የሚያውቀውን ነገር ገና እንዳልሰማ ሆኖ ትንፋሹን ይይዛል።

ሚዛኑ ምን አለ? የታሪኩ ታላቅነት ሚዛኑ ያለማድላቱ ነው። ውኃዋ ቀለለች። ሰውዬው በርትዕ ፍርድ ጥፋተኛ ሆነ፤ ይህንን የጻፈው ደራሲም የሣለው ሠዓሊም አልሸሸጉትም። ከዚህ በኋላ ግን እመቤታችን ትመጣለች፤ ጥላዋም በውኃው ላይ ያርፋል፤ እንዲህም ሲሆን ቀልላ የነበረችው ወገን ከብዳ ወደ ታች ወረደች። የትርጓሜ ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ፣ 78 ነፍስ በእፍኝ ውኃ አልተገዛም፣ ያዳነው የተገባው ቃል ኪዳን ነው ይላሉ፤ ይህም ለሰሚ ጆሮ የሚበቃ መልስ ነው።

ሠዓሊው ግን ቃል ኪዳንን ሊሥል አይችልም፤ ሊሥል የሚችለው የሚታይ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዱስ ሚካኤልን ሚዛን አስይዞ በመካከል አቆመው፤ አጋንንትን በአንድ ወገን አሰለፋቸው፤ እመቤታችንንም ከሁሉ አግዝፎና አጉልቶ ሣላት። በዚህም ላይ የአገራችን የጥንት ሠዓልያን ሥርዓት የሆነውን ጨመረበት፤ ጻድቃንን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን ግን በአንድ ዓይን ብቻ ጎናቸውን አድርጎ አሳያቸው። በዚህ ምክንያት ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ገና ከበሩ እንደ ገባ ማን ወዴት እንደሆነ ያውቃል። ሠዓሊው ነገሩን ሳይናገር ፈርዷል፤ የፈረደውም የአካልን መጠንና የፊትን አቀማመጥ መሣሪያ አድርጎ ነው።

ከካሜራ መፈጠር በፊት የኖሩት እነዚህ ሰዎች ፊልም ሠሪዎች ኋላ በብዙ ድካም ያገኙትን ጥበብ ቀድመው አውቀውት ነበር ብዬ ስጽፍ፣ ለአገሬ ማድላቴ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ጥቂት ታግሦ ያንብብ።

የቡሬ ገበያ ሚዛን

በቡሬ የገበያ ቀን በርበሬና በቆሎ ሲሸጥ ያየ ሰው የሚዛንን ጠባይ ሳይነገረው ያውቀዋል። ነጋዴው በአንዱ ሳህን ልኩ የታወቀ ብረት፣ በሌላው የገበሬውን በርበሬ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ዋጋው ይቆረጣል። በርበሬውን ያመጣችው አራት ልጆች የምታሳድግ መበለት ትሁን ወይስ የሰው ማሳ የዘረፈ ሌባ፣ ሚዛኑ አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ክብደትን ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ብረትም ዛሬ አንድ ኪሎ እንደሆነ ነገም አንድ ኪሎ ነው።

ፊልም እንዲህ ያለ ብረት የለውም። በሸራው ላይ አንድ ነገር የሚኖረው ክብደት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ ይኸውም የሸራውን ምን ያህል ክፍል እንደሚይዝና ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ አንድ የጦር ሠራዊት በሙሉ ቢያሳየን፣ አሥር ሺሁ ሰው በሸራው ላይ እንደ ጉንዳን ይሆናል፤ ይህ ሰፊ ዕይታ ይባላል። ያው ካሜራ ተጠግቶ የአንዲት ሴት ዓይን ሸራውን እንዲሞላው ቢያደርግ፣ የሙያው ሰዎች ክሎዝ አፕ የሚሉት፣ እኛም ቅርብ ዕይታ የምንለው ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት ዓይኗ ከሠራዊቱ ሁሉ ይከብዳል። ተመልካቹ ይህ ነገር ትልቅ ነው ተብሎ አልተነገረውም፤ ትልቅ ሆኖ ስላየው ብቻ ትልቅ ነው ብሎ አመነ።

የተንኮለኛ ነጋዴ ጣት ሳህኑን በስውር ሲጫን ሌብነት እንደሚሆን እናውቃለን። የፊልም አዘጋጅ ደግሞ ጣቱን በሳህኑ ላይ ሳያሳርፍ አንድ ምስል እንኳ ሊቀርጽ አይችልም፤ ካሜራውን የት እንደሚያቆም መምረጡ ራሱ መጫን ነውና። የእመቤታችን ጥላ በውኃው ላይ ማረፉም በመልኩ ሲታይ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ነጋዴው በጨለማ ለጥቅሙ የሚያደርገውን፣ ምሕረት በሁሉ ፊት ለሌላው ማድረጓ ነው። ከሞት በኋላ ያለውን ፍርድ ያሳዩ ታላላቅ ፊልሞች ሁሉ በዚህ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ አንዲት ኢምንት ነገር ይመርጣሉ፣ ወደ እርሷ ይጠጋሉ፣ ከተራራ ጋርም ይመዝኗታል። ስለ አንድ እንዲህ ያለ ፊልም ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፈራጁ ማን እንደሆነ ሳይሆን፣ በሳህኑ ላይ ምን እንደተቀመጠና ካሜራው ለምን ያህል ጊዜ እንዳየው ነው።

ሲኦል በስፋት

ሲኒማ ወደ ወዲያኛው ዓለም መሄድ የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ጣሊያኖች የዳንቴን የሲኦል ጉዞ በፊልም ሠሩት፤ በጉስታቭ ዶሬ ሥዕሎች አምሳል የተሰናዳው ያ ፊልም በጭስና በእሳት መካከል የሚንከባለሉ የኃጥአንን መንጋ ያሳያል። ጃፓናዊው ኖቡዎ ናካጋዋ በ1960 ‹ጂጎኩ› ማለትም ‹ሲኦል› በተባለው ፊልሙ ይህንኑ በቀለምና በደም አብዝቶ አቀረበው። በእኛም ዘንድ ራእየ ማርያም የተባለው መጽሐፍ የሥቃይን ሥፍራዎች አንድ በአንድ ይቆጥራል።

የፊልሞቹ ልማድ አንድ ነው፤ ካሜራው ይርቃል፣ ሰዎቹ ይበዛሉ፣ ፊታቸውም ይጠፋል። ሲኦል በሰፊ ዕይታ ይሣላል፤ ከሩቅ የታየ ሕዝብ የሚያስፈራ እንጂ የሚያሳዝን አይሆንምና። ከኃጥአኑ ወደ አንዱ ተጠግተን ዓይኑን ብናይ እንራራለታለን፤ ከራራንለትም ኩነኔው እንደ ቀድሞው አይቀልልንም። የእኛ ሠዓሊ ክፉውን በአንድ ዓይን ብቻ የሣለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ዓይን ለዓይን የተያየነውን ሰው ወደ ገሃነም መስደድ እጅግ ይቸግራል።

በነገራችን ላይ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ‹የሰይጣን ቤት› ብሎ ሰይሞት እንደነበር ይታወቃል። ዛሬ እንስቅበታለን፤ ነገር ግን በጨለማ ክፍል ውስጥ ሥጋ የሌላቸው ሰዎች በግድግዳ ላይ ሲመላለሱ ያየ ሰው ነገሩን ከዓለመ ነፍስ ጋር ቢያያይዘው ምን ያስደንቃል? የስዊድኑ ቪክቶር ሾስትሮም ይህንኑ የሲኒማ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1921 ‹የሙታን ሠረገላ› በተባለው ፊልም ለሥራ አውሎታል። ካሜራ ያዡ ዩሊዩስ ያንሶን አንዱን የፊልም ጥቅል ደጋግሞ በካሜራው ውስጥ በማሳለፍ፣ መጀመሪያ ባዶውን ክፍል፣ ቀጥሎ በዚያው ላይ ተዋናዩን ቀረጸ፤ ከዚህም የተነሣ የሟቹ ነፍስ በስተጀርባው ያለው ግድግዳ እየታየበት ይራመዳል። ድርብ ምስል የሚባለው ይህ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይሆን እዚያው በካሜራው ሆድ ውስጥ የተሠራ መሆኑን ሳስብ፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ያስገርመኛል።

ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የወጣ ፊልም

ከስቶክሆልም በስተሰሜን ጤቢ በሚባል ሥፍራ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት የኖረው አልበርቱስ ፒክቶር የተባለ ሠዓሊ በጣራው ቅስት ላይ አንድን ሰው ከሞት ጋር ገበጣ መሰል ጨዋታ ማለትም ቼዝ ሲጫወት ሥሎታል። የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ የሆነው ኢንግማር በርግማን በልጅነቱ እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች እያየ አደገ፤ ካደገም በኋላ መጀመሪያ አጭር ቴአትር፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1957 ‹ሰባተኛው ማኅተም› የተባለውን ፊልም ከእነርሱ አወጣ። ከመስቀል ጦርነት የተመለሰ ባላባት በባሕር ዳርቻ ሞትን ያገኘዋል፤ ነፍሱን ለማቆየትም ቼዝ እንዲጫወቱ ይጠይቀዋል። ሠዓሊው ራሱም በፊልሙ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሥል ይታያል፤ በርግማን ዕዳውን የከፈለው እንዲህ አድርጎ ነው።

በዚህ ፊልም ውስጥ ሚዛን የለም፤ ፈራጅም አይታይም። ባላባቱ ሰማይን ይጠይቃል፣ ሰማይ አይመልስለትም፤ ወረርሽኙም አገሩን ያጠፋል። እንዲህ ባለ ፊልም ውስጥ ምን ሊመዘን ይችላል ብለን ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ግን በርግማን አንድ ከሰዓት በኋላ ይሰጠናል፤ ድኆቹ አዝማሪዎች፣ ባልና ሚስት ከነሕፃናቸው፣ ለባላባቱ ወተትና የዱር እንጆሪ ያቀርቡለታል። ካሜራው ይጠጋል። ባላባቱ ጣባውን በሁለት እጁ ይዞ ይህን ሰዓት እንደማይረሳውና ይህም ለእርሱ ምልክት እንደሚሆነው ይናገራል። በኋላም ሞት ያችን ቤተሰብ ሊወስድ በተቃረበ ጊዜ ጠጠሮቹን ሆን ብሎ በልብሱ አንኮታኩቶ የሞትን ዓይን ይይዝላቸዋል፤ እነርሱም ያመልጣሉ። ዕድሜውን በጦርነት ያባከነ ሰው ለእፍኝ ወተት እፍኝ በጎ ሥራ መለሰ።

በግሌ ከእነዚህ ፊልሞች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የሞትን ነጭ ፊትና ጥቁር ካባ ሁሉም ያስታውሰዋል፣ ብዙዎችም ቀድተው አበላሽተውታል፤ የወተቱን ጣባ ግን ማንም ሊቀዳው አልቻለም።

ዕንባ በሰማይ ችሎት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፈጸመ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ማይክል ፓወልና ኤመሪክ ፕረስበርገር በእንግሊዝ አገር ‹የሕይወትና የሞት ጉዳይ› የተባለውን ፊልም አወጡ። ፒተር የተባለ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ አውሮፕላኑ ሲቃጠል ያለ ጃንጥላ ይዘላል፤ መሞት ሲገባው ነፍሱን ሊወስድ የተላከው መልእክተኛ በእንግሊዝ ጉም ውስጥ ያጣውና ሰውዬው በሕይወት ይተርፋል። ስሕተቱ እስኪታወቅ ድረስ ግን በሬዲዮ ድምፅዋን ሰምቶ የነበረችውን ጁን የተባለች ልጅ አግኝቶ ይወድዳታል። ሰማይ ነፍሱን ሲጠይቅ እርሱ ይግባኝ ይላል፤ ጥፋቱ የሰማይ እንጂ የእኔ አይደለም፣ በዚህ መካከልም ሌላ ግዴታ ገብቻለሁ ብሎ ይከራከራል። በጎጃም አገር ሙግት የሚያውቅ ሰው ይህን አቤቱታ ቢሰማ ነገረ ፈጅነቱን የሚያደንቅለት ይመስለኛል።

የሁለቱ ሰዎች ጥበብ መጀመሪያ በቀለም ተገለጠ። ምድርን በሙሉ ቀለም፣ ሰማይን በጥቁርና ነጭ አደረጓት። ተመልካች የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነበር። በእነርሱ ሰማይ ሁሉ ነገር ሥርዓት አለው፣ ሁሉ ተመዝግቧል፣ ቀለም ግን የለም፤ ወደ ምድር የተላከው መልእክተኛም እዚህ ሲደርስ በላይ ቀለም እንደሚናፍቅ በቀልድ ያነሣል። የፊልሙ ካሜራ ያዥ ጃክ ካርዲፍ ይህን ልዩነት በማስተካከል ብዙ ደክሟል።

ችሎቱ ሲቀመጥ ካሜራው እጅግ ይርቃል፤ ከየዘመኑና ከየአገሩ የሞቱ ሰዎች እንደ ከዋክብት በዙሪያው ተሰይመዋል። ከሳሹ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በእንግሊዝ ጥይት የሞተ ሰው ነውና፣ እንግሊዛዊን ሁሉ ይጠላል፤ የመንግሥታትንም በደል ይቆጥራል። በዚህ ሁሉ ግዙፍ ነገር መካከል ለተከሳሹ የሚቀርብለት ማስረጃ ከጁን ጉንጭ ላይ በጽጌረዳ የተወሰደ የዕንባ ጠብታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ካሜራው ይቀርባል። ያች ጠብታ ሸራውን በያዘች ጊዜ ከዋክብቱ ጠፉ፤ ክሱም ቀለለ። ሥሌቱ በቅድስቱ ግድግዳ ላይ ካየነው ከቶ አይለይም።

ፊልሙ ግን አንድ ጥንቃቄ አድርጓል፤ ፒተር በዚያው ሰዓት ራሱን ታሞ በሐኪም ቤት ቀዶ ሕክምና ላይ ነው፤ በሰማይ ፈራጅ ሆኖ የሚታየውና በምድር ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪምም አንድ ተዋናይ ናቸው። ችሎቱ በእውነት ነበረ ወይስ በታመመ ራስ ውስጥ የታየ ሕልም? ደራስያኑ አልነገሩንም፤ ባለመንገራቸውም ደግ አደረጉ።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ፍራንክ ካፕራ ‹ድንቅ ሕይወት ነው› የተባለውን ፊልም አወጣ። ሊሞት ወደ ድልድይ ለወጣ ሰው፣ እርሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማው ምን ይመስል እንደነበር መልአክ ያሳየዋል። ይህም ሚዛን ነው፤ ነገር ግን በጎ ሥራውን በሳህኑ ላይ በመጨመር ፈንታ ሰውየውን ራሱን ከሳህኑ አንሥቶ ስንት እንደጎደለ መለካት ነው። ወደ ሕይወቱ መመለሱን የሚያውቀውም ትንሿ ልጁ የሰጠችውን የአበባ ቅጠሎች ከኪሱ ሲያገኝ ነው። ስለ ፊልሙ ከዚህ በላይ መጻፍ አላስፈለገኝም፤ ከቀሩት ይልቅ ስኳሩ በዝቶበታል።

የተበዳዩ ወንበር

እስካሁን በተናገርሁት ውስጥ አንድ ቀዳዳ እንዳለ ብልህ አንባቢ ሳያስተውለው አልቀረም። እፍኟ ውኃ ከበደች፤ በላኤ ሰብእም ዳነ፤ እሰይ። የተበሉት 78ቱስ ምን አሉ?

ፍሪትስ ላንግ የናዚን ጀርመን ትቶ በፈረንሳይ አገር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1934 የሠራው ‹ሊሊዮም› ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክሯል። ሊሊዮም ሚስቱን የሚመታ፣ ሥራ የሚጠላ፣ በስርቆት ሙከራ ላይ ሳለ የሞተ ሰው ነው። በሰማይ የሚጠብቀው የመላእክት ዙፋን ሳይሆን ልክ እንደ ምድሩ ያለ የፖሊስ ጣቢያ ነው። ጥፋቱንም ሲክድ ምን ያደርጉታል? ፊልም ያሳዩታል! ሚስቱን በጥፊ የመታባት ቅጽበት በሸራ ላይ ትመጣለች፤ ከዚያም ያው ምስል ሲደገም በዚያች ሰዓት በልቡ የነበረው ሐሳብ በድምፅ ይሰማል። መጽሐፍ ተገልጦ የሰው ሥራ ሁሉ ይነበባል የሚለውን የጥንት ትምህርት ላንግ በእጁ ባለው መሣሪያ ተረጎመው፤ ሲኒማው ራሱ የሕይወት መዝገብ ሆነ።

በመጨረሻም ሚዛን ይመጣል፤ የሊሊዮም ወገን ሊጠፋ ሲል የሚስቱ ዕንባ በሳህኑ ላይ ወርዶ ያድነዋል። ከበላኤ ሰብእ ታሪክ ጋር ያለው መመሳሰል ያስደንቃል። እዚህ ላይ ግን ያማላጅነቱን ሥራ የሠራችው ከውጭ የመጣች ሳትሆን ራሷ የተመታችው ሴት ናት፤ ይህም በአንድ በኩል ሲታይ የተሻለ ፍትሕ ነው። በሌላ በኩል ግን፣ አልሸሽገውም፣ ይህን ፍጻሜ ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል፤ ተመትታ ያለቀሰችው ሴት ለመታት ሰው ደግሞ እንድታለቅስለት መጠየቅ ምሕረትን ከተበዳይ በግድ መዋስ ይመስላልና።

በጎጃም አገር ደም የተቃቡ ወገኖች እንዴት እንደሚታረቁ የሚያውቅ ሰው የነገሩን ከባድነት ከእኔ ይልቅ ይረዳዋል። ነፍስ በጠፋ ጊዜ ሽማግሎች ይላካሉ፤ ካህናት መስቀል ይዘው ይለምናሉ፤ ገዳዩም ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቀርባል፤ ካሣው ይቆረጣል፤ ደሙ ደረቀ የሚባለው ግን የሟች ወገን እሺ ሲል ብቻ ነው። ሽማግሌ ይቅርታን ሊለምን እንጂ በሟቹ ቤተ ሰብ ስም ሊሰጥ አይችልም። ሚሼል ፓፓታኪስ እ.ኤ.አ. በ1974 በአገራችን የሠራው ‹ጉማ› የተባለው ፊልምም ርእሱን የወሰደው ከዚሁ ከደም ካሣ ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ሲኒማ ገና በጠዋቱ ስለ ፍርድ ሲያስብ፣ ችሎቱን ከመቃብር ማዶ ሳይሆን ከመቃብር ወዲህ፣ በዘመድና በደመኛ መካከል አስቀመጠው። በኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ‹ጤዛ› ውስጥ ዋናውን ሰው የሚከስሰው መልአክ አይደለም፤ በአብዮቱ ዘመን ያለፈውና የረሳው የመሰለው ነገር በሕልም እየመጣ ዕረፍት ይነሣዋል፤ ፈራጁ ትዝታ ነው።

በዚህ በኩል ሲታይ የእኛዎቹ ሁለት ፊልሞች ከሊሊዮም ይልቅ ለተበዳዩ ወንበር ሰጥተዋል እላለሁ። በቅድስቱ ግድግዳ ያለው ሥዕልም ቢሆን 78ቱን ከነጭራሹ አልሰወራቸውም፤ ቢያንስ በሳህኑ ላይ አሉ፣ ይታያሉ፣ ክብደታቸውም ታውቋል። ጥላው እስኪያርፍ ድረስ ሚዛኑን የያዙት እነርሱ ነበሩ።

ሳይፈረድ የሚመረጥ

ከእነዚህ ሁሉ በመንገዱ የተለየው የጃፓናዊው ሂሮካዙ ኮሬኤዳ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ። ሙታን አሮጌ ትምህርት ቤት ወደሚመስል መሥሪያ ቤት ይመጣሉ፤ ጸሐፊዎቹም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋቸዋል፤ ከሕይወታችሁ አንዲት ትዝታ ብቻ ይዛችሁ ለዘለዓለም ልትሄዱ ቢፈቀድላችሁ የትኛዋን ትመርጣላችሁ? የተመረጠችውን ትዝታ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በካርቶንና በጥጥ ደመና አስመስለው በፊልም ይቀርጹላቸዋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሟቾቹ ያንን አይተው ይሄዳሉ። ኩነኔ የለም፤ ጽድቅም የለም።

ኮሬኤዳ ፊልሙን ከመሥራቱ በፊት በመቶ የሚቆጠሩ ተራ ሰዎችን ይህንኑ ጠይቋል፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው በፊልሙ ውስጥ ይናገራሉ። ሰዎቹ የመረጡት ምን ነበር? ሹመትና ሠርግ ያልን እንደሆነ ተሳስተናል። አንዱ በትራም መስኮት የገባች የበጋ ነፋስ፣ አንዲት ወጣት የእናቷን ጭን። ኮሬኤዳም እነዚህን ሰዎች ሲያሳይ ካሜራውን ፊታቸው ላይ አቁሞ ዝም ይላል፤ ሰውዬው ሲያስብ፣ ሲተው፣ እንደገና ሲጀምር ይታያል። በዚህ ምዕራፍ መጀመሪያ ክብደትን የሚሰጡት መጠንና ጊዜ ናቸው ብለን ነበር፤ ኮሬኤዳ የሚጠቀመው በሁለተኛው ነው፤ ቶሎ አይቆርጥም።

ይህ መሣሪያ ግን ለበጎም ለክፉም የሚሠራ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ቅርብ ዕይታ እፍኝ ውኃን እንደሚያከብድ ሁሉ የአንድ አምባገነን ፈገግታንም ሊያከብድ ይችላል፤ ሕፃን አቅፎ የተነሣ ገዢ በሰፊ ዕይታ ቢታይ በስተጀርባው ያለውን እስር ቤት ባየን ነበር። ስለዚህ አንድ ፊልም ወደ አንድ ነገር ሲጠጋ፣ በዚያው ጊዜ ከየትኛው ነገር እየራቀ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ስለዚህ ጉዳይ በሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ፕሮፓጋንዳ ፊልም ስንናገር በሰፊው እንመለስበታለን።

እስከዚያው ግን ለአንባቢ አንድ ልመና አለኝ። በገጠር አድባራት ያሉት የቆዩ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው በጭቃ ግድግዳ የተለጠፉ ናቸው፤ ጣራው ያፈሰሰ እንደሆነ ጨርቁ ይረጥባል፣ ይላቀቃል፣ ቀለሙም ይረግፋል፤ በብዙ ሥፍራም ከማተሚያ ቤት የመጣ ወረቀት እየተካቸው ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በሌላ ሥፍራ የምትኖር ሁሉ፣ በአጥቢያህ እንዲህ ያለ ሥዕል ካለ፣ የደብሩን አለቃና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅደህ፣ ያለ ፍላሽ፣ መጀመሪያ ሙሉ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ፊት ተጠግተህ ፎቶግራፍ አንሣው፤ አንዱን ቅጂ ለደብሩ ስጥ፤ ስለሚያፈስሰውም ቆርቆሮ ዝናቡ ሳይገባ ለሰበካ ጉባኤው ንገር።